ከአበቅቴ እስከ ፕላዝማ፦ የጥያቄ ቦታ በኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ

ሒሳዊ አስተሳሰብ የሚባለው፣ ሰው የሰማውን ወይም ያነበበውን ከመቀበሉም ሆነ ከመጣሉ በፊት ማስረጃውን የሚጠይቅበት፣ ምክንያቱን የሚመዝንበትና የራሱንም ግምት መልሶ የሚፈትሽበት የአእምሮ ልማድ ነው። ሳይንሳዊ ግንዛቤ የዚሁ ልማድ አንዱ ዘርፍ ሆኖ፣ ስለ ተፈጥሮ የተነገረ ነገር እውነትነቱ በምን እንደ ታወቀ፣ ማን እንደ ለካው፣ ሌላ ሰው ቢለካውስ ያው ይገኝ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅን ይመለከታል። ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ከሚጽፉት አንዳንዶቹ ሁለቱንም ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር እንደ ገቡ እንግዶች ቆጥረው የቀደመውን የቤተ ክህነት ትምህርት «ሽምደዳ» በምትል አንዲት ቃል ይዘጉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁሉም ነገር በአባቶች ዘንድ ነበረ ብለው ያርፋሉ። የትምህርቱ ታሪክ ግን ለሁለቱም ወገን አይመችም። ፊደል ገበታም ሆነ ሳተላይት፣ ብራናም ሆነ ኮምፒውተር፣ መሣሪያው ብቻውን አሳቢ ተማሪ እንዳላወጣ፣ ቁም ነገሩ ተማሪው የሚጠይቅበትና የሚታረምበት ቦታ በትምህርቱ ሥርዓት ውስጥ መኖር አለመኖሩ እንደ ሆነ ታሪኩ ደጋግሞ ያሳያል።

ከፊደል ገበታ እስከ ቅኔ ቤት

የቤተ ክህነት ትምህርት የሚጀምረው በንባብ ቤት ነው። ልጁ ሀሁንና አቡጊዳን ከገበታው ላይ በስንደዶ እየነካ ከለየ በኋላ ፊደለ ሐዋርያ ወደሚባለው የዮሐንስ መልእክት ይሸጋገራል፤ በዚያም ቃሉን በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ በመጨረሻም ሳይቆራርጥ ይዘልቀዋል። ከወንጌል አልፎ 150ውን የዳዊት መዝሙር ሲጨርስ ዳዊት ደገመ ተብሎ ለወላጆቹ ደስታ ይሆናል። ይህ ሁሉ ንባብ የሚካሄደው ልጁ በቤቱ በማይሰማው በግዕዝ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ዳዊት ደጋሚ የሚያነበውን አይተረጕምም ነበር። መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ እየተጻፈ፣ ለአንዱ ቅጂ የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ በሚጠፋበት አገር፣ ቃልን ሳያዛንፉ በጕሮሮና በልብ መያዝ ቤተ መጻሕፍትን ተሸክሞ መሄድ ማለት ነበርና ዓላማው ምክንያት ያለው ነው፤ ቢሆንም በዚህ ደረጃ ላይ የሽምደዳ ወቀሳ እውነትነት እንዳለው መካድ አይቻልም።

ወቀሳው የሚሳሳተው የንባብ ቤትን ደጃፍ አይቶ ግቢው ይህ ብቻ ነው ሲል ነው። ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ የሚጠየቀው ነገር ይገለበጣል፤ ሌላው ያለውን መድገም ነውር፣ ያልተባለውን ማለት ግዴታ ይሆንበታልና። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላና በሌሎችም የታወቁ ጉባኤዎች የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን እያጠና፣ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ዘረፋ ማለት በቅጽበት አዲስ ቅኔ ማፍለቅ ነው። ተማሪው ደግሞ ቀን ከሰው ተለይቶ የራሱን ይቆጥራል፤ ቆጠራ የሚባለው ይህ የብቻ ድርሰት ነው። ከዚያ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም አስነጋሪ ለሚባለው የበሰለ ተማሪ ያቀርባል፤ ይህም ነገራ ይባላል።

በነገራው ሰዓት የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። አስነጋሪው ቤቱ መምታቱን ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር መስማማቱን፣ አገባቡ ቦታውን መያዙን፣ ሰሙ ለወርቁ መመቸቱን፣ ታሪኩም ከመጽሐፉ አለመውጣቱን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ የተጣመመውን ያቀናል፣ የማይቀናውን ይጥላል። ተማሪው ለምን እንደ ወደቀበት ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ በማግስቱም ሌላ ይዞ ይመለሳል። ቀድሞ በሌላ ሰው የተባለውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በጉባኤው ፊት ስለሚያሳፍር ሽምደዳ እዚህ ቤት ውስጥ መጠለያ የለውም። በመጻሕፍት ቤትም እንዲሁ የአንድምታ ትርጓሜ ተማሪው አንዱን ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ እንዳይዘጋ ያሠለጥነዋል፤ «አንድም» በተባለ ቍጥር ሌላ ምክንያት፣ ሌላ ምሳሌ፣ ሌላ መንገድ ይከፈታል። ይሁንና አንድምታ በአብዛኛው ትርጓሜን በትርጓሜ ላይ የሚጨምር እንጂ አንዱን በማስረጃ አጽንቶ ሌላውን የሚጥል አይደለም፤ ቅኔ ቤትም የሚመረምረው ንግግሩንና የሐሳቡን አካሄድ ነው እንጂ ንግግሩ ከተፈጥሮ ጋር መስማማቱን አይደለም። ለዚህኛው ጥያቄ ከቤተ ክህነት ትምህርቶች ሁሉ የሚቀርበው ባሕረ ሐሳብ ነው።

የአንድ ዓመት ስሌት

ባሕረ ሐሳብ የዘመን መለወጫው የሚውልበትን ዕለት፣ አጽዋማትንና ተዘዋዋሪ በዓላትን በፀሐይና በጨረቃ ዑደት የሚያወጣ የቍጥር ትምህርት ነው። ትውፊቱ ትምህርቱን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ያደርሰዋል፤ አቡሻህር የተባለው ሰፊው የዘመን ቈጠራ መጽሐፍ ደግሞ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ስሙን የወረሰው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ግብጻዊ ሊቅ ከአቡ ሻኪር ነው። ትምህርቱ ቀንን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት እያለ እስከ ሳድሲት ድረስ ይከፍላል፤ አንድ ኬክሮስ ማለት እንግዲህ 24 ደቂቃ ነው። ይህ የስድሳ በስድሳ አከፋፈል ጥንት ከባቢሎን የተነሣ፣ ዛሬም በየሰው የእጅ ሰዓት ላይ ያለ ነው። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የግዕዝን የሥነ ፈለክና የዘመን ቈጠራ ጽሑፎች ማጥናቱም ትምህርቱ ከአንድ አገር ልማድ አልፎ በዓለም የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ቦታ ያለው መሆኑን ያመለክታል።

አሠራሩን በ2017 ዓ.ም. ማየት ይቻላል። በመጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቈጠረው 5500 ዓመት በ2017 ላይ ተደምሮ 7517 ይሆናል፤ ይህም ዓመተ ዓለም ይባላል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል። መጠነ ራብዒቱ በዓመተ ዓለሙ ላይ ተደምሮ 9396 ሲሆንና ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ፣ ከማክሰኞ ተነሥቶ ሲቈጠር መስከረም 1 ረቡዕ ላይ ይውላል። ቀጥሎ 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንዱ ተቀንሶ ወንበር የሚባለው ቍጥር 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121 ሲሆን በ30 ተገድፎ፣ ማለት ሠላሳ ሠላሳው ወጥቶ፣ 1 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ተባዝቶ 209 ሲሆን በ30 ተገድፎ 29 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን፣ ረቡዕ ይውላል፤ ተውሳክ የሚባለው የዕለቱ ተጨማሪ ቍጥር፣ ለረቡዕ 4፣ ሲጨመርበት 33፣ በ30 ሲገደፍ 3 ይሆናልና ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 69 ሲቈጠር ሚያዝያ 12 ይደርሳል፤ በዓሉም በዚያው ቀን ተከብሯል።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ተማሪው ራሱን የሚቈጣጠርበት መንገድ ተቀምጦለታል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ በ2017ም 1 እና 29 ሠላሳ ሞልተዋል። ድምሩ ካልሞላ፣ የተሳሳተው ሊቅም ይሁን ጀማሪ፣ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። እንዲህ ያለው መፈተኛ የመምህሩን ሥልጣን ሳይሆን ቍጥሩን ዳኛ ስለሚያደርግ፣ የሒሳዊ አስተሳሰብ አንድ ትልቅ ምሰሶ በአገሩ ትምህርት ውስጥ ከጥንት ቆሞ ነበር ለማለት ያስችላል።

ስሌትና ሰማይ

ነገር ግን ስሌቱ ትክክል መሆኑና ስሌቱ ከሰማይ ጋር መግጠሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአበቅቴ ማባዣ 11፣ የመጥቅዕም 19 የሆነበትን ምክንያት ትውፊቱ በሱባኤ ያስረዳል፤ ድሜጥሮስ ከሌሊቱ 23 ሱባኤ፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ያዘ፣ 23 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 11፣ 7 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 19 ተገኘ ይላል። ለማስታወስ ይህን የመሰለ መንገድ አይገኝም። የ11 ቍጥር ሥር ግን ሰማይ ላይ ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የ12 የጨረቃ ወራት ዓመት 354 ቀን ስለ ሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ተማሪው የመጀመሪያውን ብቻ ሲማር ቍጥሩን ይይዛል፤ ሁለተኛውን ሲማር ቍጥሩ ከየት እንደ መጣና መቼ ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃል።

ሊሳሳትም ይችላል። ስሌቱ የቆመበት የ19 ዓመት ዑደት፣ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው በሚል መነሻ ላይ ነው። ዓመቱ 365 ከሩብ ቀን ተደርጎ ሲቈጠር በሁለቱ መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ፤ ይህም ተጠራቅሞ በ310 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ዛሬ ልዩነቱ ከ4 እስከ 5 ቀን ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. የፋሲካዋ ሙሉ ጨረቃ በስሌቱ የወጣችው ሚያዝያ 9 ሲሆን፣ በሰማይ ያለችው ጨረቃ የሞላችው ግን ሚያዝያ 5 ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። አበቅቴና መጥቅዕ ሠላሳ ሞልተው፣ ስሌቱ አንዲት ስሕተት ሳይገኝበት፣ ጨረቃ አራት ቀን ቀድማዋለች። በውስጥ ምርመራ ፍጹም የሆነ ነገር በውጭ ምርመራ ሊዘገይ እንደሚችል የሚያስረዳ፣ ከዚህ የቀረበ የአገር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ ልዩነትና ሌላውን የፀሐይ ዓመት ስሕተት ለማረም በ1582 እ.ኤ.አ. የዘመን ቈጠራዋን አሻሽላ አሥር ቀን ቀንሳለች። የማሻሻያው ወሬ ኢትዮጵያ የደረሰው ግን በጥያቄ መልክ ሳይሆን በትእዛዝ መልክ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በዓላትና አጽዋማት በሮማ አቈጣጠር እንዲሆኑ ሲያዝ፣ የቀን ጕዳይ ከሃይማኖት ለውጥ፣ ሃይማኖቱም ከደም መፋሰስ ጋር ተጣብቆ ቀረበ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀደመው ሃይማኖት ሲመለስ አቈጣጠሩም አብሮ ተመለሰ። በዚያ ሁኔታ ጨረቃዋ በትክክል መቼ ትሞላለች ብሎ መጠየቅ ወገን መምረጥ ሆኖ ይታይ ነበርና ጥያቄው ሳይመረመር ተዘጋ። ጥያቄ በጕልበት ሲመጣ መልሱም በጕልበት እንደሚሆን ይህ የታሪክ ምዕራፍ ያስተምራል።

አዲሱ ትምህርት ቤት

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ የቤተ ክህነቱን ሥጋት ለማብረድ መምህራኑን ከግብጽ ኮፕቶች አስመጡ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ቀዳሚ ዓላማ ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑ ቋንቋ ዐዋቂዎችን ማፍራት ስለ ነበረ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ቦታውን ያዙ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣልያ ወረራ ትምህርት ቤቶቹን ዘግቶ ከተማሩት ብዙዎቹን ከፈጀ በኋላ ሥራው እንደገና ሲጀመር፣ የከፍተኛው ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ፊዚክስና ባዮሎጂ የሚማረው ልጅ እንግዲህ፣ አያቱ ዳዊትን በማይሰማው ግዕዝ እንደ ደገመ፣ የኒውተንን ሕግ በቤቱ በማይነገር ቋንቋ የሚደግም ሆነ። የትምህርቱ ይዘት ተለውጦ የንባብ ቤት ልማድ እንዳለ ቀጠለ፤ በመካከሉ የወደቀው የቅኔ ቤቱ ነገራ ነው።

በዚህ መካከል ግን ሌላ ዓይነት ምርመራም ሥር ሰድዷል። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ከተከፈተ በኋላ፣ ከ1957 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ፣ የምድርን መንቀጥቀጥና መግነጢሳዊ ኃይል የሚመዘግብ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በኮሌጁ ተቋቋመ። ጣቢያውን የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን፣ ካራ ቆሬንና ማጀቴን የመታው የ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ከተጠና በኋላም ሥራቸውን ቀጥለው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። የመጽሐፉ ዘዴ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሴይስሞግራፍ የተባለው መንቀጥቀጥ መዝጋቢ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የሆነውን ለማወቅ ዜና መዋዕልንና የተጓዦችን ማስታወሻ ሰብስቦ፣ አንዱን ምስክር በሌላው እያመሳከረ ይመዝናል፤ መሣሪያ ከመጣ በኋላ ያለውን ደግሞ በልኬት ያጸናል። ብራናና መርፌ ተሰናስለው እርስ በርሳቸው የሚፈታተሹበት ይህ አሠራር፣ ባሕረ ሐሳብ ጀምሮት ያልጨረሰው ነገር ፍጻሜ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በጣት በሚቈጠሩ ሰዎች እጅ ቀረ እንጂ ወደ መለስተኛና ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች አልወረደም።

የማይሰማው መምህር

የትምህርት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተጀመሩት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ትልቁ እርምጃ ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋውና በሕዝቡ ዘንድ «ፕላዝማ» በሚል ስም ብቻ የሚታወቀው የሳተላይት ትምህርት ነው። መነሻው ቀና ነበር፤ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት በዝተው የሠለጠነ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ጠፋ፣ ቤተ ሙከራም አልነበረም፤ ስለዚህ በደንብ የተዘጋጀ ትምህርት ከአንድ ማዕከል ተሠራጭቶ የገጠሩና የከተማው ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታሰበ። ኬሚስትሪ በቃል ብቻ ሲነገረው ለኖረ ተማሪ፣ የአሲድና የቤዝ ሙከራ በሥዕል ማየቱ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በክፍል ውስጥ የሆነው ግን እንዲህ ነው። አርባ ደቂቃ ገደማ ከሚሆነው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሠላሳ ያህሉን ስክሪኑ ይወስድ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፉት ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቅና ለጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፤ ከዚያ መልስ የሰጠ ይኑር አይኑር፣ መልሱ ይስማማ አይስማማ ሳታውቅ «በጣም ጥሩ» ብላ ታልፋለች። ተማሪው የጻፈውን ሳይጨርስ ገጹ ይገለበጣል፤ ያልገባውን ለማስቆም እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አምልጧል፤ ሥርጭቱ በጊዜው የሚሄድ ስለ ነበረ ክፍሉን አይጠብቅም። መምህሩ በበኩሉ የራሱን ማስታወሻና የራሱን ፍጥነት ተነጥቆ፣ ማሽኑን ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ሆንኩ ብሎ አማረረ።

ይህ ከነገራው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይገለጣል። አስነጋሪው መሣሪያ የለውም፤ ያለው ጆሮ ነው፤ ተማሪው ምን እንዳለ ሳይሰማ አንድ ቃል አይናገርም። ፕላዝማው ሁሉም ነገር ነበረው፤ ያልነበረው ጆሮ ነው። በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ደግሞ የመስማት ጕድለት የከፋ ጕዳት አለው፤ ሙከራን በስክሪን ያየ ተማሪ ውጤቱን ያያል እንጂ ሙከራው ቢበላሽ ምን እንደሚመስል፣ ልኬቱ ለምን ከመጽሐፉ እንደ ተለየ፣ ስሕተቱ የመሣሪያው ይሁን የራሱ አያይም። የማይበላሽ ሙከራ፣ ሁልጊዜ ሠላሳ እንደሚሞላ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ከሰማይ ጋር የሚጋጨውን ሌሊት አያሳይም።

መሣሪያውና ጥያቄው

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ኵረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በተሰጠው፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱን በአንድ ምክንያት መፍታት አይቻልም፤ ጦርነትና የኮሮና ወረርሽኝ ያቋረጠው ትምህርት፣ የመምህር እጥረት፣ የቋንቋው ችግር ሁሉ አለበት። የተለመደው የመውጫ በር ሲዘጋ ግን ከሽምደዳና ከኵረጃ በታች ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደ ነበረ ውጤቱ ገልጦታል። አሁን ደግሞ ለማንኛውም ጥያቄ ወዲያው የተስተካከለ መልስ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየስልኩ ገብቷል። ከፕላዝማው የሚለየው ተማሪውን የሚሰማ መሆኑ ነው፤ ከአስነጋሪው የሚለየው ደግሞ ተማሪው ራሱ ሳይቆጥር የቆጠረለትን ቅኔ የሚሰጠው መሆኑ ነው። መልሱን የሚፈትሽበት ልማድ ያልያዘ ተማሪ በዚህ መሣሪያ ፊት ከዳዊት ደጋሚው አይሻልም።

ልማዱን ለማስያዝ ውድ ዕቃ ላያስፈልግ ይችላል። ፋሲካ ሲቃረብ የአንድ ክፍል ተማሪዎች አበቅቴና መጥቅዕን አስልተው የስሌቱን ሙሉ ጨረቃ ቀን ቢያወጡ፣ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ስድስት ሰባት ምሽቶችም ጨረቃ ከምሥራቅ የምትወጣበትን ሰዓት እያዩ ቢመዘግቡ፣ ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ አካባቢ እንደምትወጣ፣ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየች እንደምትሄድ በዓይናቸው ያያሉ፤ በስሌቱ ቀን ግን ጨረቃዋ ከጨለመ ብዙ ቆይታ፣ ከአንድ ጎኗም ጐድላ ስትወጣ ያገኟታል። ያኔ ክርክሩ ይነሣል፤ አንዱ ስሌቱ ተሳስቷል ይላል፤ ሌላው ስሌቱ የተሠራው ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያከብሩ እንጂ ጨረቃን ለመጠበቅ አይደለም ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉበትን መንገድ ይፈልጋል። መምህሩም በዚያ ሰዓት እንደ አስነጋሪው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ የተጣመመውን ምክንያት ብቻ ያቀናል።